ጋሽ ወልዴን እንቢ ማለት

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13፣ 96

እንዲህ በኃይል እየወረወርኩ ለምን ይመቱኛል? አንተም ሳትጠይቀኝ አትቀርም፣ ማስታወሻዬ። ዛሬም ሻርሆልመን ቤዝቦል ሜዳ ተመታሁ። ዝናብ። ጫማዬን ትቬትስቱጋ፣ የሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማድረቂያው ላይ ትቼው መጣሁ።

ከሰኔ ጀምሮ ኢንጂነር ነኝ። በወረቀት። ማመልከቻ እልካለሁ፣ «እናመሰግናለን፣ ቦታው ተይዟል» ይመጣል። ዛሬም አንድ መጣ። በዚህ ከተማ የኔ የተባለች ቦታ አንዲት ናት፤ ቤዝቦል ሜዳው መሃል ያለችው የአፈር ጉብታ፣ ወርዋሪው የሚቆምባት። እሷም ልታመልጠኝ ነው። አሰልጣኛችን ላርስ ቁርጡን ነገረኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻሻልኩ፣ ከመጨረሻው ግጥሚያ በኋላ ኳሷ የሌላው ወርዋሪያችን የሚኬ ናት። ፈገግ ብሎ ነው የነገረኝ። እዚህ አገር መርዶም በፈገግታ ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15፣ ቱነልባና ውስጥ

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ልንገርህ።

ፍጥነት ብቻውን ዋጋ የለውም። መቺ ፈጣን ኳስ ሁለት ሦስቴ ካየ ዓይኑ ይለምዳል። ዋናው ማሳት ነው። ክንድህ ያው ክንድ፣ እርምጃህ ያው እርምጃ፣ ኳሷ ግን ሌላ። እኔ ሦስት አሉኝ፦ ፈጣኗ፣ ጠማማዋ፣ ቀርፋፋዋ። ቀርፋፋዋ ጥሩ ናት። እውነቴን ነው። ከፈጣኗ ቀጥላ ስትመጣ መቺው አየር ገምሶ ይዞራል።

የትኛዋ እንደምትወረወር የሚመርጠው ግን ተቀባዩ ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ያሳያል። አንድ ጣት ፈጣኗ፣ ሁለት ጠማማዋ፣ ሦስት ቀርፋፋዋ። ወርዋሪው ካልተስማማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተቀባዩ ሌላ ያሳያል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የኔ ተቀባይ ደግሞ ጋሽ ወልዴ ናቸው (ከዚህ በኋላ ጋሽ ወ.፣ ባቡሩ ያንቀጠቅጠኛል)። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። በልጅነታቸው አስመራ፣ የአሜሪካኖች ሰፈር ሲሠሩ ነው ጨዋታውን የተማሩት። ቀን ሶልና ሆስፒታል አልጋ ሲገፉ ውለው ማታ በዚያ ጉልበታቸው ቁጢጥ ይሉልኛል። ክለቡ ያስገቡኝ እሳቸው። ፈተና ስሄድ እጃቸውን ጭነው የሚጸልዩልኝ እሳቸው።

አንድ አመል አለባቸው። ጨዋታው በጠበበን ቁጥር አንድ ጣት፣ ፈጣኗ። ሁልጊዜ! መቺዎቹ ሁሉ ነቅተውበታል፣ ቆመው ይጠብቋታል።

ታዲያ በሰው ፊት ራሴን ልነቅንቅባቸው? በጋው ሙሉ አንዴም አላደረግኩትም። ላርስ «አንተም አንተ ነህ፣ እሱም አንተ ነው» ይላል፣ በስዊድንኛ አንቱ የለማ። ለሱ ቀላል ነው።

እሑድ፣ ኦገስት 18

ከጉባኤ መልስ ለአባዬ ነገርኩት። ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ አልኩት። መጀመሪያ ሚስት አገኘ ብሎ ፊቱ በራ። ነገሩን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ።

«ራስ ለመነቅነቅ ሽማግሌ ይላካል እንዴ?»

እናቴ ሳቀች። ታናሽ እህቴ በስዊድንኛ እብዶች ናችሁ ብላ ክፍሏ ገባች። አባዬ ግን ከረባቱን ሳያወልቅ ወጣ። ሰፈራችን ሁስቢን አቋርጦ ሲሄድ በመስኮት አየሁት።

ረቡዕ፣ ኦገስት 21

ጋሽ ወ. እስኪያስላቸው ሳቁ አሉ። «ይነቅንቅ! ለዚህ ነው ሰው የላከብኝ?»

ዛሬ ልምምድ ላይ ሞከርኩ። አንድ ጣት አሳዩኝ። አንገቴ እንቢ አለ። እንደምንም ነቀነቅኩና ሳላስበው ጮክ ብዬ «ይቅርታ ጋሼ!» አልኩ። ሜዳው ሁሉ ሰማ። ሚኬ ምን አልከው ብሎ ጠየቀኝ። ተርጉሜ ነገርኩት። ሳር ላይ ተንከባለለ። ጋሽ ወ. ከፊት መከላከያ ማስኩ ውስጥ፣ «ይቅርታውን ለእሑድ አስቀምጠው፣ ወርውር!»

ወረወርኩ። ቀርፋፋዋን። መቺው አየር ገመሰ።

ተኝቼ ጣሪያ አያለሁ። ደስ ብሎኛል። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያዬ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 31፣ ማታ

ተሸነፍን። ቢሆንም ልጻፈው።

የቤተ ክርስቲያን ሰው መጥቶ ነበር። ጃንጥላ፣ ፔርሙዝ፣ እትዬ አልማዝ ከፊት። ሕጉን አያውቁም፣ ሁሉም ላይ ያጨበጭባሉ። እስከ መጨረሻው ዙር ነቀነቅኩ፣ ያለ ይቅርታ። እየሠራ ነበር። በአንድ ነጥብ እየመራን።

ከዚያ ሁለት የነሱ ሯጭ ነጥብ ሊያገቡ መንገድ ላይ። መቺው ግዙፍ። አንድ ጥሩ ኳስ ብወረውር አለቀ፤ አንድ ብሳሳት አለቅን። ጋሽ ወ. አንድ ጣት አሳዩ። ነቀነቅኩ። እንደገና አንድ ጣት። ነቀነቅኩ። ያኔ እትዬ አልማዝ ለጎረቤታቸው፣ «ምነው ይሄ ልጅ ሰውዬውን እንቢ እንቢ ይላቸዋል?» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ወ. ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፣ በእጃቸው መሬት ተደገፉ። ለሦስተኛ ጊዜ አንድ ጣት።

አንገቴን ደፋሁ። እሺ አልኩ። ፈጣኗን።

ከአጥሩ በላይ መታት፣ በርች ዛፎቹ ውስጥ ገባች፤ ሯጮቹም ገቡ። እትዬ አልማዝ አጨበጨቡ።

ጋሽ ወ. ማስኩን አውልቀው ወደኔ መጡ።

«እንደምትመታ አውቀህ ነበር፣ አይደል?»

ጓንቴን አወለቅኩ።

«ስትነቀንቅብኝ ልጄ ደረሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። መጨረሻ ላይ አዘንክልኝ። ጉልበቴን አይተህ አዘንክልኝ።»

ማስኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ወደ ቱነልባናው ብቻቸውን ሄዱ። በቁጣ ቢሄዱ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

ኳሷን ሚኬ ወሰደ። ላርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ገባኝ።

ጋሽ ወ. ልምምድ አልመጡም። እሑድም ጉባኤ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ሳይሰናበቱ ወጡ። አባዬ እንደገና ልሂድልህ አለኝ። አይሆንም አልኩት። አባቴን እንቢ ስል ይሄም የመጀመሪያዬ። ቀና ብሎ አየኝ፣ አልተቆጣም።

ከሥራ ማመልከቻው አንድም በጎ መልስ የለም። ጉብታዋም ሄደች። የሚቀረኝን አንድ ነገር ግን በዝምታ አላጣውም። ራሴ እደውላለሁ። ሥራ ላይ ናቸው፣ የስልክ መቅጃው ነው የሚያነሳው። እንዳይጠፋብኝ መጀመሪያ እዚህ ልለማመደው፦

ጋሼ፣ ዮናስ ነኝ። አዝኜልዎት ነበር፣ እውነት ነው፣ ጥፋቴ ነው። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻርሆልመን ሜዳ ነኝ፣ ብቻዬን። ማስክዎን ይዘው ይምጡልኝ። ቁጢጥ ማለቱ ከከበደዎት በርጩማ አመጣለሁ፣ ተቀምጠው ይቀበሉኛል። አንድ ጣት ያሳዩኝ፣ እነቀንቃለሁ። ደግመው ያሳዩኝ፣ ደግሜ እነቀንቃለሁ፣ እስክንስማማ ድረስ፣ ቢመሽም። ካልፈለጉም ይደውሉልኝና በራስዎ አንደበት እንቢ ይበሉኝ፣ ብቻ ዝም አይበሉኝ።