ሳር ውስጥ የበሰለው ክክ

ሰኞ

ከሰሉ አለቀ። ጆንያው ቢያንስ እስከ ሐሙስ ያደርሰኛል ብዬ ነበር፤ ጠዋት ሳራግፈው ዱቄት ብቻ ወረደ። በወር ኮንትራት የሚበሉት ሦስቱ የቢሮ ልጆች ለምሳ ሊመጡ ነው፣ ክኩ ገና አልተጣደም። ከአከራዬ ከሐጃ ሐዋ አንድ ሳህን ከሰል ተበደርኩ። ሞልተው ሰጡኝ። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ አሶሳ ሰው ጎርፎባታል። ወንበሩ ሳይመጣ ሠራተኛው መጣ። ለእኔ ደግ ነበር፤ ምግብ ፈላጊ በዛ። ግን ከሰሉም ነጭ ጋዙም አብሮ ተወደደ። አሁን ከልጆቹ የማገኘውን እሳት እየበላው ነው። ዋጋ ልጨምር ብል ሆቴል ይሄዳሉ።

ባለቤቴ ሾፌር ነው። ቢሮው መተከል ከላከው ቆየ። ያው አንድ ክልል ነው ይባላል፤ እሱ ግን እዚህ ለመምጣት በጎጃም አዲስ አበባ፣ ከዚያ በወለጋ አገር መዞር አለበት። ደመወዙም እንደሱ ዞሮ ነው የሚደርሰኝ። ሲሄድ፣ ካቃተሽ ቤቱን ዝጊና ደብረ ማርቆስ ወንድምሽ ጋ ግቢ ብሎኛል። የወንድሜ ሚስት ጨው እንኳ በማንኪያ ለክታ የምትሰጥ ሴት ናት። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ጓዳ ደጅ ልቆም? አልሄድም። ግን እንዴት አድርጌ እንደምቀር አላውቅም።

ማክሰኞ

አዲስ ጆንያ ገዛሁ። ወገቤ ተቆረጠ።

ዛሬ ለቁጠባ ብዬ ያደረግኩት፦ ክኩን ከማታ ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ሻይ አንዴ አፍልቼ ፔርሙስ ውስጥ ጨመርኩ። የእራቱን ሽንኩርት በፀሐይ ከትፌ ጨረስኩ፤ መብራቱ እንደሆነ የከተማው ጄኔሬተር ደስ ሲለው ነው የሚነሳው፤ ኩራዝ እንዳላበራ ብዬ ነው።

ከሰሉን ለማቆየት ቀርከሃም ማገድኩ። እሱ ላይ ነው ያጠፋሁት። ሳልሰነጥቅ ከነአንጓው ከተትኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደ ጥይት ጮኸ፤ አመዱ ሁሉ ተነስቶ ድስቴ ውስጥ ገባ። ሐጃ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ጦርነት ጀመረ እንዴ?»

«ቀርከሃው ነው ሐጃ።»

«አንጓ ውስጥ አየር አለ። ቀርከሃ መጀመሪያ ሰንጥቅ፣ ከዚያ አቃጥል። አንተ ስንት ዓመት እዚህ ተቀመጠ?»

ሐጃ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ለሴትም ለወንድም አንተ ነው የሚሉት። ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ከሌላው ሰው አንቺታ የእሳቸው አንተታ ይሞቀኛል። ወጡን ደፋሁና እንደገና ጣድኩ። በቁጠባው ቀን እጥፍ አነደድኩ ማለት ነው።

ረቡዕ

ሐጃ ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ይዘው መጡ፤ ውስጡ ደረቅ ሳር ታጭቆበታል። እናታቸው እርሻ ሲሄዱ እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ። ድስቱ በደንብ ይንተከተካል፤ ከነክዳኑ ይወርድና ሳሩ ውስጥ ይቀበራል፤ ከላይ ጨርቅ ይደረባል። እሳቱ ይጠፋል።

«ከዚያስ ማን ያበስለዋል?» አልኳቸው።

«ራሱ። ወላሂ ራሱ።»

አደረግኩት። ግን ማን ያምናል? ያለ እሳት የሚበስል ነገር ማየት ለእኔ እንግዳ ነው። ከፍቼ አማሰልኩ፣ ቀመስኩ፣ ከደንኩ። ደግሞ ከፈትኩ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ክኩ ጥርስ ስር ቀጭ ቀጭ ይላል።

መስፍን፣ ቀልደኛው፣ አንድ ጎርሶ አየኝ። «እትዬ አስካለ፣ ለቢሮው ግንባታ የመጣውን ጠጠር ነው እንዴ የሰጡን?» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሦስቱ አንዱ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ግን ሳይስቅ ግማሹን ትቶ ተነሳ። የመስፍን ቀልድ ምንም አይደለም፤ የፈራሁት የእሱን የተተወ ሳህን ነው። እሱ ከሄደ ሁለቱም ይከተሉታል።

ሐሙስ

ሐጃ በጠዋት መጡ።

«ትናንት ስንት ጊዜ ከፈትክ?»

«አንዴ።»

ቅርጫቱን አይተው እኔን አዩ።

«እሺ፣ ትንሽ በዛ ይላል።»

ድስቱን አብረን ቀበርነው። ከዚያ ማማሰያዬን ከእጄ ወስደው ነጠላቸው ስር ከተቱና ቤታቸው ገቡ። እኔ ግቢው ውስጥ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ጠረግኩ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ። አንድ ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ስል በመስኮት «ኻላስ፣ ተወው» አሉኝ። ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ የጠበቀኝ ሰው የለም።

ምሳ ላይ ከፈትኩት። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ክኩ ፍርስርስ ብሏል፤ ታችም አልያዘም። መስፍን «ዛሬ ደግሞ ጥርስ አያስፈልግም» አለ። ሒሳብ ሠራተኛው ሳህኑን ዘረጋልኝ፤ ድገሚኝ ማለቱ ነው። ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ዓርብ

ሽምብራውም በሰለ። ማማሰያዬን እኔው ራሴ ወስጄ ሰጠኋቸው።

ከሰዓት ከባለቤቴ ቢሮ ሌላ ሾፌር የእሱን መልእክት አመጣ። እሑድ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና አለ፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ እንድሳፈርና በዚያው ወንድሜ ጋ እንድገባ ተነጋግሮልኛል። እንደሚያስብልኝ አውቃለሁ። እሱም ደክሞት ነው። ግን አሁን? መላው በተገኘ ማግስት?

ለሐጃ ነገርኳቸው። ሂድም ቅርም አላሉኝም። «ሰውየው ሽምብራ አልበላም» ብቻ አሉ።

እሑድ

ጠዋት ጆንያውን አየሁት። ሌላ ጊዜ እስከዚህ ቀን ጎድሎ ወገቡ ይታጠፍ ነበር፤ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጆቹም ለሚመጣው ወር እንቀጥላለን ብለውኛል፤ ቀድሞ የተናገረው ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛው ነው።

ሾፌሩ መጥቶ ጥሩንባ ነፋ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

«ዕቃውስ እትዬ?»

«ዕቃው ቦታው ነው። ሚስትህ ሥራ ይዛለች በለው። ከሰሉ በርክቶላታል በለው።»

«ይቆጣኛል እኮ።»

«አንተን ምን አድርገህ? እኔን ይቆጣ።»

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አቧራው እስኪሰክን በር ላይ ቆየሁ። ባለቤቴ ምን እንደሚል እንጃ። ቃሉ እዚያ ደርሶ መልሱ ዞሮ እስኪመጣ ብዙ ቀን አለ። እግሬ አብጧል። ድስቱ ሳሩ ውስጥ ነው፤ እሳት የለም፤ እኔም ዛሬ በምሳ ሰዓት ጋደም ብያለሁ።