ውሃ የጠላው ቁጥቋጦዬ

ሰኞ
ገደለችብኝ። ትናንት ማኅበር ቤቴ ነበር። የማኅበራችን ልጅ ስንዱ እንግዶቹን ስታስታጥብ ቆይታ፣ ለካ ሳፋው በሞላ ቁጥር ባክዊት የሚባሉት ቁጥቋጦዎቼ ላይ ትደፋዋለች! ዛሬ ሳይ የሦስቱም ሥር ጭቃ ሆኗል፤ የወጥ ቅባት ተንሳፍፎበታል። ደወልኩላት።
«ውይ እትዬ! ቅጠሉ አመድ መስሎ ሳየው፣ ምስኪን ተጠምቷል ብዬ እኮ ነው።»
ሲፈጠርም አመድማ ነው! እዚህ አሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ተራራ፣ ድንጋይ መሃል የሚበቅል የአገሩ ቁጥቋጦ ነው። ድርቅ አይጎዳውም፤ የሚገድለው ውሃ ነው። ስንቴ ነግሬያታለሁ።

ማክሰኞ
ጠውልገዋል። ልጄ ዳዊት ቆሞ አያቸው።
«እማዬ፣ ከሞቱማ ቦታውን ለመኪና ላድርገው። ሲሚንቶ የሚያፈሰው ሰውዬ ቅዳሜ ይመጣል።»
«አልሞቱም።»
«እሺ፣ ቅዳሜ አያቸዋለሁ።»
ልጆቹን ሳሳድግለት ይህች የሲልቨር ስፕሪንግ ግቢ ሰፊ ነበረች። አሁን ለመኪናው ጠበበች። በዚህ ግቢ የእኔ የምለው ለቢራቢሮ ብዬ የተከልኩባትን ይህችን ቦታ ብቻ ነው። ባለፈው ሰመር ቢጫው አበባ ላይ ቢራቢሮ ሲሰፍር ፎቶ ያነሳው እሱ ራሱ አልነበር!

ረቡዕ
ቁጥቋጦዎቹን ነቀልኩ። ጭቃውን ዝቄ ጠጠርና ሸካራ አሸዋ ሞላሁ። የአንዱ ሥር ጠቁሮ ሸቷል፤ ጣልኩት። የሁለቱ ደህና ነው፤ መልሼ ተከልኳቸው። ምራቴ ሄለን በመስኮት «እማማ፣ ወገብዎን!» ትላለች። ለወገቤ ታስባለች፤ አካፋ ግን አታነሳም።
ካርቶን ላይ «ውሃ የያዘ ሰው እዚህ አይድረስ» ብዬ ጽፌ ሰካሁ። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ ነው፤ ቢሆንም ጽሑፌ ከመንገድ ይነበባል። ለስንዱ የጽሑፉን ፎቶ ላኩላት። እስካሁን አልመለሰችም። ታኩርፍ።

ዓርብ
ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ፕላስቲክ ይዤ ስወጣ ሄለን ቀድማኛለች፤ ትልቁን የባሕር ዳርቻ ጥላ ዘርግታ በላያቸው ቆማለች፣ ጫማዋ ውሃ ሞልቶ።
«እማማ ይግቡ፣ እኔ አለሁ!»
አመሰገንኳት። በአጭሩ።

ቅዳሜ
የሲሚንቶው መኪና በር ላይ ቆመ። ዳዊት ተንበርክኮ ቅጠሎቹን ነካካ። ቀጥ ብለዋል፤ አንደኛው ጫፉ ላይ ብርማ እንቡጥ አውጥቷል።
«ሁለት ብቻ ናቸው እኮ፣ እማዬ።»
«ቆመዋል ወይስ አልቆሙም?»
ሳቀ። ሰውዬውን «ለዛሬ ይቅር» ብሎ ሸኘው። «ለዛሬ» የምትለዋ አልጣመችኝም። ሦስተኛውን ጉድጓድ በጠጠር አዘጋጅቻለሁ። ችግኙ የሚሸጠው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ነገ ከቅዳሴ መልስ የሚወስደኝ ዳዊት ነው፤ ገና አልነገርኩትም።