ከቢቸና ሞጣ፣ በየቤቱ አንድ ጣሳ

ሞጣ፣ ጥቅምት 21 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ይድረስ ለልጄ እናት፤

እንደምን ከረምሽ? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ክረምቱን እንዴት ተወጣው? የብቅል ዱቄት አፍንጫሽ ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ሳያስነጥስሽ የማይተወው ነገርስ ለቀቀሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከመቀመጫዬ በስተቀር ሁለመናዬ ሙሉ ጤና ነው። መቀመጫዬን ለምን እንዳነሣሁት ወደ ታች ስታነቢ ይገባሻልና ከወዲሁ አትሳቂ።

ይህን የምጽፍልሽ ከአጥርሽ ማዶ፣ ከዓሊማ ልብስ ስፌት ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ወረቀቱም የእሷ ነው፤ በጀርባው የማላውቀው ሰው ወገብና የእጅጌ ልክ ተጽፎበታል፣ እሱን እለፊው። ስልክ ብደውል አታነሺም። ፊትሽ ብቆምም አፌ እንደሚተሳሰር አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ዛሬ በስድሳ ሦስት ዓመቴ ከቢቸና ሞጣ ድረስ በብስክሌት መጥቻለሁ። መንገድ ላይ ሦስት ጠላ ቤት ገብቼ ከሦስቱም አንድ አንድ ጣሳ ብቻ ጠጥቼ ተነሥቻለሁ። አራተኛው ያንቺ ቤት ነበር።

የዛሬ ሰባት ዓመት ምን ብለሽ እንደተለየሽኝ መቼም አትረሺውም። ስካር ስንቱን ነገር ከራሴ አውጥቶ ወስዶታል፣ ያችን ቃልሽን ግን አላገኛትም። ስርጉት ደብረ ማርቆስ ስትመረቅ፣ ጥቁር ካባዋን ለብሳ አባቴ መጣ አልመጣ እያለች በር በሩን ስታይ፣ እኔ ቢቸና ከገበያው ጀርባ ካለ ጠላ ቤት መደብ ላይ ተዘርግቼ አንኮራፋ ነበር። ፎቶውን ሁለታችሁ ብቻ ተነሣችሁ። ስትመለሺ ትጮኺብኛለሽ ብዬ ስጠብቅ አልጮኽሽም። ጋኖችሽን በአይሱዙ አስጭነሽ ወደ ወላጆችሽ አገር ልትሄጂ ስትይ ብቻ፣ ከቤቴ ገብተህ አንድ ጣሳ ጠጥተህ፣ ሳትደግም፣ በራስህ እግር የወጣህ ቀን እንነጋገራለን አልሽኝ። የቀንድ ዋንጫዬን እንኳን ተይልኝ ብዬ ለመንኩሽ። ያቺን በስርጉት ክርስትና ዕለት ጥዬ ጠርዟን የሸረፍኳትን። ቆሻሻ ላይ ጥያታለሁ አልሽኝ። አመንኩሽ፣ ይገባኝ ነበርና። የዚያን ቀን ያፈርኩትን እፍረት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልጨረስኩትም ነበር።

ልተው ብዬ ያልሞከርኩ እንዳይመስልሽ። ሦስት ጊዜ ማልኩ፣ ሦስት ጊዜ መሐላዬን በላሁ። ጸበልም ገባሁ፤ ከጸበሉ ስመለስ መንገዱ በጠላ ቤት በኩል ሆነ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላማ የሚጠብቀኝ ቢሮ የለ፣ የሚቆጣኝ ሰው የለ፣ ቀኑ እንዲሁ ከጣሳ ወደ ጣሳ ያልፍ ጀመር። የሂሳብ አስተማሪው ጎረቤታችን ስጦታው ነው ያወጣኝ። እሱና ባንክ ቤት የምትሠራው ባንቺዓለም ሌሎች ሰዎች ጨምረው ማኅበር አቋቁመዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌታቸውን ይዘው ይወጡና፣ በየቀበሌው ስሟ የታወቀ ጠማቂ ቤት እየሄዱ ጠላዋን ቀምሰው ይመለሳሉ። ባንቺዓለም በደብተር ትመዘግባለች፤ የማን ጋን በወይራ በደንብ እንደታጠነ፣ የማን ጌሾ እንደበዛ፣ የማን ጠላ ለጉሮሮ እንደሚለሰልስ። ስጦታው መጥቶ፣ ጠላውን መተው ካቃተህ በጠላውና በጠላው መካከል ያለውን መንገድ አብዛው አለኝ።

የማኅበሩ ሕግ አንዲት ናት። ከአንድ ቤት አንድ ጣሳ። ሁለተኛ ያስቀዳ ሰው እስከሚቀጥለው ከተማ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ በእግሩ ይሄዳል። ሕጉን ስሰማ ቀላል መሰለኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቢቸና በሚወጣው የናባ መንገድ ላይ ካለች አንዲት ቤት ሁለት አስቀዳሁና ብስክሌቴን እየገፋሁ ተመለስኩ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ፣ ጎማው ተንፍሶ ነው ወይ እያለ ይጠይቀኛል። አዎ ተንፍሷል አልኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደብቄ ጠጣሁና እየጋለብኩ ተመለስኩ፤ ያን ቀን ብስክሌቱ ራሱ ቦይ ውስጥ ወርውሮ አጋለጠኝ። የግንባሬን ጠባሳ ስታዪ የእሱ ነው። ብስክሌት እንደ በቅሎ ሰካራምን ተሸክሞ ቤቱ አያደርስም። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሌላ መካሪ አላስፈለገኝም። ሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች ሁሉ፣ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ጠጣሁ። በአዘቦቱ ቀን ምንም።

ስርጉት ይህን ታውቃለች። እንዳትነግርሽ በማርያም ስም የለመንኳት እኔ ነኝና አትቆጫት። ወሬው ሳይሆን እግሬ ቀድሞ እንዲደርስ ፈልጌ ነው።

ዛሬ ቅዳሜና ማርያም ሲገጥሙ ሞጣ እንሂድ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ቢቸና መውጫው ላይ አንዱን ጠጣን፤ ቀጭን ጠላ ነው፣ ባንቺዓለም ሁለት መስመር ብቻ ጻፈችለት። ደብረ ወርቅ ላይ ግን ጉድ ሊፈላ ነበር። ወለተ ኢየሱስ ከሚባሉ አሮጊት ቤት ገባን። ጠላቸው ደግሞ እንዴት ያለ ጠላ መሰለሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ካንቺ ቀጥሎ እንዲህ ያለ አልቀመስኩም። እሳቸውም ያውቁታል። ጣሳዬን ጨርሼ እጄን ከአፉ ላይ ብጭንበት፣ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ምኑ ነው ያልጣመህ አሉኝ። ጣመኝ እማማ አልኩ። የጣመው ሰው ይደግማል፣ እዚህ ቤት አንድ ጠጥቶ የወጣ ሰው አላውቅም ብለው፣ ማንቆርቆሪያቸውን ለጠጪው ሁሉ እያዞሩ እስቲ ቅመሱልኝ፣ ሆምጥጧል ወይ እያሉ ማስመስከር ጀመሩ። ጠጪው ሁሉ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ጣሳውን አሥር ጊዜ ልዘረጋላቸው ዳዳኝ፤ አንቺ ታውቂኛለሽ፣ የሰው ፊት ሲከፋ አልችልም። ስንቴ የሰከርኩት ለይሉኝታ ብዬ ነው።

ሲጨንቀኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ሞጣ ያለች አንዲት ሴት ቤት አንድ ጣሳ ብቻ ጠጥቼ እንድወጣ ቃል አለብኝ፣ ለዚያ ነው ከየቤቱ አንድ የምለው አልኳቸው። እማማ ወለተ ኢየሱስ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ምን ሆና ነው የሄደችው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ያን ሁሉ ጠጪ ፊት፣ ካባውንም፣ ፎቶውንም። ደግ አደረገች አሉ። ከዚያ የውሃ ኮዳዬን ተቀብለው ውሃውን ደፍተው፣ ጠላቸውን ጢም አድርገው ሞሉበት። ለእሷ ስጣት፣ ቀምሳ ትፍረደኝ፣ የሙያ ባልደረባዬ ናት አሉ። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁና ጀርባዬ ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ሳቂ። ሃያ ሦስት ዓመት ከጠማቂ ጋር የኖረ ሰው፣ ገና የሚፈላ ጠላ ኮዳ ውስጥ ቆልፎ ኮረኮንች ላይ ይጋልባል? ጉንደወይን ደርሰን ሦስተኛውን ጠጥተን ወጣን። ፀሐዩ በርትቷል፣ መንገዱ ይንጣል። ጥቂት እንደሄድን ከጀርባዬ እንደ ጥይት ጧ አለ። እኔ የተመታሁ መስሎኝ ከነብስክሌቴ ተኛሁ። ጀርባዬ ሲርስ ጊዜማ ደሜ ነው ብዬ ነፍስ አባቴን መጥራት ጀምሬ ነበር። ባንቺዓለም ደርሳ አሸተተችና መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ከአንገቴ እስከ ካልሲዬ ጠላ ሆኛለሁ። ወንዝ ወርጄ ባጥበው ሽታው ባሰበት። ሰባት ዓመት የጠበቅኋት ቀን መጥታ፣ አንድም ቀን ሰክሬ ባልሸተትኩት ሽታ እየሸተትኩ በርሽ ላይ ልቆም ነው። እንመለስ አልኳቸው። ስጦታው፣ መሽተትና መስከር ሁለት ነገር ነው፣ ብስክሌትህ ላይ ውጣ ብሎ ተቆጣኝ። እየከፋኝ ወጣሁ። ያችን የመጨረሻ ዳገት ከሁሉም ቀድሜ የጨረስኳት በንዴት ነው።

በርሽ ጋ ስደርስ ዓሊማ ከሱቋ ወጥታ መንገድ ዘጋችብኝ። ሳላወራ ነው የሸተትኳት። የስርጉት አባት፣ አንተ አሁንም እዚያው ነህ፣ በዚህ ሁኔታህ አላስገባህም፣ አደራ አለብኝ አለች። የማን አደራ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ስለ ኮዳው ነገርኳት፣ አላመነችም። እኔ ብሆንም አላምንም ነበር። ጠላ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሰው ናትና ጓደኞቼ ቢመሰክሩም አብረው የጠጡ ናቸው ብላ አልሰማቻቸውም። በመጨረሻ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ቀጭኗን መርፌና ጥቁር ክር አወጣችና፣ አስገባ፣ ካስገባህ ትገባለህ አለችኝ።

ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር መሪ ሲጨብጡ የዋሉ እጆች ናቸው፣ ይንቀጠቀጣሉ። መነጽሬን አደረግሁ። የክሩን ጫፍ በከንፈሬ አራስኩ። በመጀመሪያው ሳትኩ። ዓሊማ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም። ስርጉት በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ታየችኝ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ በሁለተኛው ክሩ በመርፌው ዓይን አልፎ ወጣ። ዓሊማ ክሩን ስባ አየችውና፣ ሱሪህ ጉልበቱ ጋ ተቀድዷል፣ ስትወጣ እሰፋልሃለሁ አለችኝ። በዕድሜዬ እንደዚያች ሰዓት የኮራሁበት ሰዓት ትዝ አይለኝም። ሹመት አግኝቼ አላውቅም፣ ባገኝ ግን እንደዚያ ያለ ነገር ይመስለኛል።

ከቤትሽ ገባሁ። ያቺ አብራሽ የምትሠራው ይርጋነሽ፣ የቤቱ ባለቤት የለችም፣ መርጡለ ማርያም ልትሳለም ሄዳለች አለችኝ። እንግዲህ በረከቷ ይደርብሽ፤ እመቤታችን ዘንድ የሄደን ሰው ቀረ ተብሎ አይወቀስም። ቅር አለኝ፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም ቃሉ ቤትሽ ገብቼ ልጠጣ እንጂ አንቺን ልይ አልነበረምና አንድ ቅጂልኝ አልኳት። ወደ ጓዳ ገባች፣ ትንሽ ቆየች። ያን ጊዜ ጠጪው ሁሉ በጣሳ ነበር የሚጠጣው፤ ለእኔ ግን በቀንድ ዋንጫ ይዛ ወጣች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሰጠችኝ። ስጠጣ ከንፈሬ የተሸረፈውን ቦታ ራሱ አገኘው። ይርጋነሽ እኔን አይታኝ አታውቅም፣ ስሜንም አልጠየቀችኝ። እኔም ዋንጫውን ማን ሰጠሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ጠላው ያው ነው። ምንም አልጎደለበትም።

ስጨርስ እጄን ጫንኩበት። ይርጋነሽ ልድገምልህ አለች፣ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ተነሣሁ። በራስህ እግር ብለሽ አልነበር፣ ግድግዳም ምሰሶም ሳልይዝ ተነሣሁ። መንገዴ በብቅሉ ጆንያ በኩል ነበርና ሳልፍ ልብሴ ነካው፣ ዱቄቱ ቦነነ። ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ጊዜ ማስነጠስ ተሰማ። ይርጋነሽ ፈጠን ብላ ድመቷ ናት አለችኝ። እሺ አልኩና ወጣሁ።

አሁን ዓሊማ ሱሪዬን ሰፍታ ጨርሳለች፤ ብርዝ ሰጥታኝ እሱን እየጠጣሁ ነው የምጽፈው። ምን እንደሚያስቃት አላውቅም፣ ጨርቅ አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ስጦታውና ባንቺዓለም ነገ በአውቶቡስ እንመለስ ይላሉ። እኔ በብስክሌት ነው የምመለሰው፤ በራሴ መጥቼ የምመለስ እንጂ ተጭኜ የምሄድ ሰው አይደለሁም ከእንግዲህ። በኅዳር ጽዮንም ብቻዬን ቢሆን እመጣለሁ። የእማማ ወለተ ኢየሱስንም ጠላ እንደገና አመጣልሻለሁ፣ በዚህ ጊዜ ክዳኑን አላልቼ።

ማርያም በሄድሽበት ትከተልሽ፣ ወደ ቤትሽም በሰላም ታስገባሽ። ጋንሽ አይሰንጠቅ፣ ጥንስስሽ አይበላሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይጣፍጥ። ስርጉት ሁለታችንንም በአንድ ላይ የምታስቅበትን ቀን ፈጣሪ ያምጣልን፤ ያቺን ፎቶ እንደገና እንነሣለን።

አንዱን ጣሳ ጠጥቶ በራሱ እግር የወጣው፣

የልጅሽ አባት

ድመቷን ይማርሽ በዪልኝ። ልለው ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት።