አባዬ ባዶ እጁን ያልተመለሰባቸው ደጆች

ውድ አባዬ፣

ቤተ ክርስቲያን ሲታሸግ ለችግረኛው የሚሰበሰበው የዱቄት እፍኝ ወዴት ይሄዳል? በዚህ ሰሞን ሆሳዕና ውስጥ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። አንተ ካረፍክ ስምንት ወር ሆነ፤ መልሱን ሳትነግረኝ ነው የሄድከው።

የቀበሌ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የወሰዱት ከቀብርህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቆርቆሮውን በገዛ እጅህ የመታኸው አዳራሽ ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። እማዬ ወገቧን ያማታል። ወንበርህ ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ እዚሁ አስተምራለሁ። ከክፍል ወደ መሠረተ ትምህርት፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ ስብሰባ፤ ቤት ስገባ እግሬ የእኔ አይመስለኝም።

እፍኙ ግን አልቆመም። ሴቶቹ ዱቄት ሲነፉ፣ ለቤታቸው ከማቡካታቸው በፊት፣ አንድ እፍኝ ቀንሰው በቅል ማስቀመጣቸውን አልተዉም። አንተ ትሰበስብ እንደነበረው አሁን እኔ እየዞርኩ እሰበስባለሁ። የተሳሳትኩት ማደሉ ላይ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ መምጣቴ ነው፣ ልቤም አላርፍ አለ፤ ቤት ለቤት መንከራተት የድሮ አሠራር ነው አልኩ። ሰባቱን ችግረኞች ቅዳሜ ግቢያችን ጠራሁና ተሰልፈው እንዲወስዱ አደረግኩ። ወዲያው ጨረስኩ፤ እንዴት እንደኮራሁ ብታይ!

በሳምንቱ የመጡት ሦስት ብቻ ናቸው። እማማ ከድጃም ቀሩ። ፎንቆ ገበያ ጨው ይነግዱ የነበሩት ሰውዬ ሚስት፤ ሰው “ስለ እስላሟ ደግሞ ምን አገባን?” ሲልህ፣ “ሆዳቸው በየትኛው ሃይማኖት እንደሚጸልይ ጠይቄው አላውቅም” ብለህ ሰዉን ያሳቅክላቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ምድጃቸው ቀዝቅዟል። አባትሽ እንግዳ ሆኖ ነበር የሚመጣው፣ አንቺ ግን እንደ ቀበሌ ስኳር አሰለፍሽን አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጅ ሆኜ አብሬህ ስዞር፣ ዱቄቱን አድርሰህ ባዶ እጅህን ተመልሰህ አታውቅም። አንድ ቀን የጎመን ችግኝ፣ ሌላ ቀን እንቁላል፣ ምንም ሲጠፋ ጤና አዳም እንኳ ቢሆን ለምነህ ትወስድ ነበር። አባቴ ከድሃ ይለምናል ብዬ አፍርብህ ነበር። ለካ እነሱም ሰጪ ሆነው እንዲውሉ ነው። ይቅር በለኝ አባዬ።

እማማ ከድጃን የእንሰት ችግኝ ለመንኳቸው። ከዚያ ጓሮ ወርደው ሁለት ነቀሉልኝና፣ በዚህ በጠመኔ እጅሽ መች ይጸድቅልሻል ብለው ሳቁብኝ። ዱቄቱን የተቀበሉኝ እኔ ችግኙን ከተቀበልኳቸው በኋላ ነው።

አሁን ሰባቱንም ደጅ በእግሬ እዞራለሁ። ይደክመኛል፤ አንተን አልዋሽህም። ከሁለቱ ችግኞች አንዱ ደርቋል። ሌላው አንተ በተከልከው ረድፍ ጫፍ ላይ ቅጠል አውጥቷል፤ ውሃ ባጠጣሁት ቁጥር አንተን አስባለሁ፣ እስካለሁም አስብሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለጓደኞቼ ላነብላቸው ነው፤ እንዲህም እላቸዋለሁ፦ ሰባት ደጅ ለአንድ ሰው ብዙ ነውና ቅዳሜ ጠዋት ኑ፣ አብረን እንዙር። ስትመጡ ግን ከእነሱ ምን እንደምትለምኑ አስባችሁ ኑ።

ልጅህ