ክሩን እያየሁሽ አስገቢልኝ

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፤

ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ጤና ይጨምርልሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አለን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ሁለተኛ ልጁን ዳረ፤ ልብስ ስፌት ቤታችንም አልተዘጋም።

አባትሽ ግን መርፌ መያዝ አቃተው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲራመድ ይንገዳገዳል። «ሳልጠጣ ሰከርኩ፤ ወጪ ቀነስኩልሽ» እያለ ሊያስቀኝ ይሞክራል። ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ያየችው ሐኪም ደሙን አስመርምራ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ነው አለችን። ሴል ለሁለት ሲከፈል የሚያግዝ አንድ ፕሮቲን ተበላሽቶበት ነው አሉ።

ለልብስ ልክ ከምንቆርጣቸው አሮጌ ጋዜጦች በአንዱ ላይ ስለዚሁ ፕሮቲን አገኘሁ። የነርቭ ሴል አንዴ ካደገ አይከፈልም ይላል። ታዲያ ፕሮቲኑ እዚያ ምን ይሠራል? መልሱ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ለእጅጌ ተቆርጧል። ሐኪሟን ብጠይቃት፣ «እናቴ፣ እኛም ገና እየፈለግን ነው» አለችኝ። «መድኃኒቱስ?» አልኳት፤ ምርኩዝ አዘዘችለት። «ልጃችንስ?» ስላት፣ «የመውረሷ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። በላክሽው ፎቶ ላይ ኩባያውን በሁለት እጅሽ ይዘሻል። አባትሽም የጀመረው እንዲያ ነው። እባክሽ፣ ብርድ ነው በይኝ።

ተመርመሪ ለማለት አልደፈርኩም፤ ማወቁ የአንቺ ፈንታ ነው። ስትደውዪ ግን በምስል ይሁን፤ መርፌና ክር ያዢ። ልጅ ሳለሽ ለአባትሽ ክር የምታስገቢለት አንቺ ነበርሽ። አሁንም እያየሁሽ አስገቢልኝ፤ እኔ ምንም አልናገርም።

እጅሽን ያጽናልሽ፤ እግርሽን ያቅናልሽ። ክሩ አልገባም ብሎ ቢያስቸግርሽም፣ ልጄ፣ ስልኩን አትዝጊብኝ።

እናትሽ