አፉን የዘጋው የሰባ ስምንቱ ወይን

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ የልጅ ልጄ ለኦዲል፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽ ኤርቬ እንዴት ነው? ያቺ ጉንጫም ልጅሽ ሊዝ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ ቅድመ አያቷ በድዷ ልትቀር ነው? የኩቤክ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? በረዶው ከወዲሁ በር ደፍኖባችሁ ከሆነ አይዟችሁ፤ እኔም ፀሐይ ባለበት አገር ተቀምጬ በር ተደፍኖብኛል። በዚህ በኩል አባትሽ ጋሲያን ደህና ነው። እናትሽ ሬጂንም ደህና ናት፤ ከደህናም አልፋ ድምፅዋ ሎዋር ወንዝን ተሻግሮ ይሰማል። እኔም ከዳሌዬ በቀር ደህና ነኝ። ስለ ዳሌዬ ላንቺ ባማርር ደግሞ ምን ይፈይዳል? የላም ሐኪም ነሽ፤ እግሩ ለተሰበረ ሽማግሌ የምታዢው መድኃኒት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይቅርብኝ።

በፀደይ ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ታስሬያለሁ። ታስሬያለሁ ስልሽ ያጋነንኩ እንዳይመስልሽ። አባትሽ ከአሮጌ በርሜሌ እንጨት አንድ አጭር በር ሠርቶ ደረጃው አፍ ላይ ገጥሞታል፤ አንቺ ዳዴ ስትዪ እንዳትወድቂ የሠራልሽ ዓይነት ነው፤ መቀርቀሪያው ግን በወዲያ በኩል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥበው የኖርኩት በርሜል ዛሬ ዘብ ቆሞብኛል። ውለታ ቢስ እንጨት! ወይን ለቀማው ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የባሰ ሆኗል። የመጭመቂያው ድምፅ፣ የለቃሚዎቹ ሳቅ፣ የትኩሱ ጭማቂ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ እየሾለከ ይመጣል፤ እኔ ግን ልወርድ አልችልም። መስኮት ከፍቼ፣ "ኧረ ቅርጫቱን አታጭቁት፣ የታችኛው ይጨፈለቃል!" ብዬ ብጮህ፣ እናትሽ ከግቢው ቀና ብላ፣ "አባባ፣ መስኮቱን ይዝጉት፣ ብርድ ይገባብዎታል" ትለኛለች። ለቃሚዎቹም ይስቃሉ። እኔም እዘጋዋለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የሰባ ስምንቱን፣ በ1978 የለቀምነውን ወይን ታውቂዋለሽ። በገዛ እጄ የሠራሁት የመጨረሻው ነጭ ወይን እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን የሠራው አባትሽ ነው። እነሆ አባትሽ የቀረውን በሙሉ አቼቶ ለሚሠራ ነጋዴ ሊሰጠው ነው። በሚመጣው ወር፣ የቅዱስ ማርቲን በዓል ባለፈ በማግሥቱ ነጋዴው መኪናውን ይዞ ይመጣል።

አባትሽን ክፉ አድርገሽ እንዳታስቢው። ምድር ቤቱ ጠባብ ነው፤ ለዘንድሮው ወይን ቦታ ይፈልጋል። አንድ የአንዤ ከተማ ደንበኛችንም ከሰባ ስምንቱ ገዝቶ ከሄደ በኋላ፣ "ጋሲያን፣ ወይን ስጠኝ ብልህ የታጠበ ድንጋይ ውሃ ሸጥክልኝ" ብሎ መልሶለታል። እንግዲህ አባትሽ ደነገጠና አንድ ጠርሙስ ከምድር ቤቱ አወጣ፣ ቡሹን ነቀለ፣ ያንኑ ቀዝቃዛውን ወዲያው ተጎነጨው። የእኛን ወይን እንዲህ አድርጎ መመርመር፣ ከባድ እንቅልፍ የተኛን ሰው ፊቱ ላይ ውሃ ረጭተሽ "በል አሁን ዝፈን" እንደማለት ነው። ወደ እኔ ወጣና፣ "አባዬ፣ ሞቷል" አለኝ።

"ተኝቷል" አልኩት።

"የተኛማ ይተነፍሳል፤ ይሄ ምንም አይተነፍስም።"

"አንተም ስትተኛ አትተነፍስም፤ ታንኮራፋለህ። ገድለን እንቅበርህ?" ብለው ሳይስቅ ወረደ። መቀርቀሪያውንም መለሰው።

አንቺ ከዚህ ቤት በልጅነትሽ ስለወጣሽ፣ የእኛ ነጭ ወይን ሲያረጅ እንዴት እንደሚሆን ማንም በወጉ አልነገረሽ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎረምሳ ነው። ቡሹን ሳትነቅይው ያወራል፤ የሎሚ፣ የጥሬ ፖም፣ የነጭ አበባ ሽታ አለው፤ መልኩ ከውሃ እምብዛም አይለይም፤ ጥርስ ያጠርሳል። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ጎረምሳ መቼ የሚወደው አጥቶ ያውቃል? ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ሳያስቀይመው፣ አፉን ይዘጋል። አበባው ይጠፋል፣ ፖሙ ይጠፋል። ኮምጣጣነቱና የድንጋዩ ጣዕም ብቻ ይቀራሉ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ይቆያል፤ ስንት ዓመት እንደሆነ እሱ ራሱም አያውቀውም። በኋላ፣ የሚነቃ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ይነቃል። መልኩ እንደ ገለባ ወርቃማ ይሆናል፤ የማር፣ የሰም፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ፖም ሽታ ያመጣል። ማር ማር እየሸተተ ግን አይጣፍጥም፤ ምላስሽ ላይ እንደ በፊቱ ደረቅ ነው። አፍንጫሽ አንድ ነገር ይነግርሻል፣ ምላስሽ ሌላ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አባቴ የሠራው የአርባ ሰባቱ ወይን እንዲህ ዝም ብሎ ዝም ብሎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በእኔ ስም እየጠራው፣ "የእነ አንሴልም ወይን ሞተ" ብሎ ተዝካሩን አውጥቶለት ነበር። አንቺ ክርስትና የተነሣሽ ዕለት ግን አባቴ በማለዳ ከፍቶ ኩሽና ውስጥ አስቀመጠው፤ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። በምሳ ሰዓት ሲቀዳ ሽታው ቤቱን ሞላው። ቄሱ እንኳ የጀመሩትን ቡራኬ ረስተው፣ "ይሄ ከየት መጣ?" አሉ። አባቴም፣ "ከተኛበት" አላቸው። አንቺ ያን ጊዜ ስታለቅሺ ነበር፤ ያልጠጣሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ለዚህ ይሆናል።

ስለዚህ እኔም የአባቴን መንገድ ልከተል አልኩ። የተኛ ወይን አየር ካገኘ አንዳንዴ አንድ ዓይኑን ይገልጣል። ግን ታሳሪ ሰው ወይን ከየት ያመጣል? ጎረቤታችንን ኦባንን ለመንኩት። እሱም፣ "በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ልታደርገኝ ነው?" እያለ እየተሳደበ ወርዶ፣ አንዱን ጠርሙስ ጎማ ቦቲው ውስጥ ከቶ እያነከሰ ወደ እኔ ወጣ። እናትሽ ደረጃው ላይ አግኝታው፣ "እርስዎንም እግርዎን አመመዎት?" ብትለው፣ "የወዳጅ ሕመም ይጋባል፣ ልጄ" አላት። ሬጂን እንቅልፍ ያመጣልኛል ብላ የቅጠል ሻይ በማንቆርቆሪያ ታስቀምጥልኛለች፤ ሻዩን መስኮቴ ላይ ላለው አበባ አጠጣሁትና ወይኑን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገለበጥኩት። መልካቸው አንድ ነው። አበባው ከዚያ ወዲህ አንገቱን ደፍቶ ይተኛል።

በመጀመሪያው ቀን አሸተትኩት፣ ምንም የለም። ይሁን፣ ገና ነው አልኩ። በማግሥቱ እናትሽ አልጋዬን ልታነጥፍ መጣችና፣ ሻዩን አለመጠጣቴን አይታ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። በጽዋ ቀድታ ቀመሰችው። ኦዲልዬ፣ ተያዝኩ ብዬ ለስድቡ ተዘጋጀሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም ብሎኝ ነበር፤ የወይን ገበሬ ሚስት ናት፣ አሁን "ይሄማ ወይን ነው!" ብላ ትጮሃለች፣ በጩኸቷም ወይኔ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ ብዬ። እሷ ግን ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ "አባባ፣ ይሄ ሻይማ ጣዕሙ ሁሉ ጠፍቷል፤ ሌላ ላፍላልዎት" አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ተይው፣ እንዲሁ ለምጄዋለሁ" አልኳትና ስትወርድ ራሴ ቀመስኩት። ድንጋይ ነው። የሎሚ ልጣጭ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ምንም። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ያን ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ላንቺ ሩቅ ስለሆንሽ እነግርሻለሁ። ሬጂን፣ "ዛሬ ሾርባው ጨው በዛበት" ስትል እኔ ጨው አቀብሉኝ የምል ሰው ሆኛለሁ። ጽጌረዳ ከጓሮ ቢያመጡልኝም ወረቀት ነው የሚሸተኝ። ታዲያ የተዘጋው ወይኑ ነው ወይስ እኔ? በር የተዘጋብኝ ደረጃው ላይ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ኦባንን ቅመስልኝ እንዳልለው እሱ ከእኔ በላይ ትንባሆ ያቃጠለው ምላስ ነው ያለው፤ እሱማ አቼቶውንም "ግሩም ነው" ይለኛል። አባትሽ እውነቱን ይሆናል። አላውቅም። ወይን ተኝቷል ወይስ ሞቷል የሚለውን ሳልሳሳት እለይ የነበርኩ ሰው፣ አላውቅም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አባትሽ ትናንት ወጥቶ፣ "ነጋዴውን ቀጥሬዋለሁ" አለኝ። እኔም ሳላስበው፣ "መስጠት አትችልም፤ የኦዲል ነው፣ ሰጥቻታለሁ" አልኩት።

በቤታችን ለልጅ የተሰጠ ወይን እንደማይነካ ታውቂያለሽ። የልጁ ስም ከጠርሙሱ ክምር በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ያንን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። አባትሽ ትክ ብሎ አየኝና፣ "ግድግዳው ላይ ስሟ የለም" አለ።

"እርጥበት አጥፍቶት ይሆናላ።"

"እርጥበት በልጅነቴ የተጻፈውን የእኔን ስም አላጠፋው፤ የእሷን ብቻ መርጦ አጠፋው?"

"እርጥበትማ ቆንጆ ስም ይወዳል" አልኩት። ሊስቅ ነበር፣ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ግን ዋጠው። "መልካም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቅዱሳን ሁሉ በዓል ስደውልላት ራሷን እጠይቃታለሁ" ብሎ ወረደ። ኦባንን ጠመኔ ይዘህ ውረድልኝ ብለው፣ "ትኩስ ጠመኔ ከባዶ ግድግዳ ይልቅ ያጋልጣል፤ መዋሸትም አትችልበትም" ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ይህን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። አባትሽ ሲደውል፣ "አዎ፣ አያቴ ሰጥቶኛል" በይው። ወይኑ ደህና ነው ብለሽ እንድትመሰክሪ አይደለም የምለምንሽ፤ ያንን እኔም አልመሰክርም። የእኔ ነው በይ ብቻ። ደግሞም አትዋሺም፤ ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ በእውነት ያንቺ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በጥቂት ቀን ብቻ። "መቼ ሰጠሽ?" ካለሽ ሕፃኗ አለቀሰች ብለሽ ስልኩን ዝጊ፤ ልጅ የሚወለደው ለዚህም ነው።

አንቺ ስትመጪ፣ ዘንድሮ አልልሽም፣ ከርሞም አልልሽም፣ እሱ ሲበቃው ነው፣ አንዱን በማለዳ ክፈቺው። ምድር ቤት አትተዪው፣ ኩሽና አኑሪው። በብርድ አትጠጪው፣ በችኮላም አትጠጪው። ማር ማር ከሸተተሽ አባትሽን ጥሪና አንድ ብርጭቆ ስጪው፤ ምንም አትበዪው፣ ይጠጣ። ሞቶ ካገኘሽውም ሰላጣ ላይ አፍስሺውና፣ "ሽማግሌው ተሳስቷል" ብለሽ ሳቂብኝ። እኔ ሁለቱንም አላይም፤ ይህን ሳታስተዛዝኚኝ ተቀበይ። ነገሩ እንዲቆይ ብቻ ነው የፈለግሁት። ሞቷል ብሎ የሚፈርድበት፣ ምላሱ ጤነኛ የሆነ ሰው ይሁን።

ለኤርቬ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የላከልኝ የሱፍ ኮፍያ ልኬ ነው፣ ጆሮዬን ስለሚሸፍነው ሬጂን ስትጣራ አልሰማም በይው። ለሊዝ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ደግሞ ለእኔ። እናትሽና አባትሽ ናፍቀውሻል፤ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቁም፤ ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ ኦባን ነው፣ በቦቲው። እሱም ሰላም ብሎሻል። አንቺንም እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። የኔ ልጅ፣ ሲደውልልሽ፣ ሳታመነቺ አዎ በይ።

አያትሽ አንሴልም
ሳቬኒዬር፣ ጥቅምት 18 ቀን 1987