ከአባባ ምንሽር የፈታሁት
ሰይፌ፣
አንኮበር ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

የጠመንጃው ዘይት መስኮቱ ላይ ነው። ደግሞ የምግብ ዘይት እንዳትቀባው፣ ባለፈው ሰደፉን አበላሽተኸዋል።

የአባባ ደብተር ምንሽሩ በወር አንዴ ይወልወል ይላል። አንተ ወንድማችንን ከቀበርን ወዲህ በየቀኑ ትወለውለዋለህ። ለምን ብዬ አልጠይቅህም።

ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት ፈትቼ ይዤዋለሁ። ለንስሐ አባታችን አስረክበዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩን እስኪጨርሱ እሳቸው ጋ ይቆያል። ተከትለኸኝ እንዳትመጣ።

ስደበኝ፣ ግድ የለም።

የገዳዩን ስም የነገርኩህ እኔ ነኝ። ስሙን ካንተ ፈትቼ መውሰድ ብችል ኖሮ የአባባን ጠመንጃ አልነካም ነበር።

እህትህ ማኅደረ